ትናንሾቹ እንስሳት ከየት መጡ?
የጥንቸል፣ የጊኒ ፒግና የሐምስተር ታሪክ ለአሳዳጊ ያለው ትምህርት

በሬ የሚገዛ ገበሬ ዋጋውን ከመጨረሱ በፊት አገሩን ይጠይቃል። ደጋ ያደገ በሬ ቆላ ሲወርድ በገንዲ ሊመታ እንደሚችል ያውቃልና። ላም ሲገዛም ዘሯንና ያደገችበትን ግጦሽ ሳያጣራ ገንዘቡን አይቆጥርም። ይህ የቆየ ጥበብ ግን ወደ ትናንሾቹ እንስሳት ሲመጣ ይረሳል። ጥንቸልና መሰሎቿ "ትንሽ ናቸው፣ ምን ያስቸግራሉ?" ተብለው በልጆች ልመና፣ በስጦታ ወይም ለተጨማሪ ገቢ ሲባል ወደ ቤት ይገባሉ። ጥቂት ቆይቶ አንዳንዶቹ ይሞታሉ፣ አንዳንዶቹም ይጣላሉ። ጥፋቱ ደግሞ "አይበረክቱም" ተብሎ በእንስሳቱ ይሳበባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች በቤት ከሚያድጉት ትናንሽ አጥቢ እንስሳት መካከል የሦስቱን፣ ማለትም የጥንቸልን፣ የጊኒ ፒግንና የሐምስተርን ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ ነው። ከታሪካቸው የምናገኘው ዋና ትምህርት የእንስሳ አያያዝ የሚቀዳው ከመጣበት አገርና ከዱር ኑሮው መሆኑ ነው። ይህን ያወቀ አሳዳጊ ተጠቅሟል። ያላወቀው ግን በእንስሳውም፣ በራሱም፣ አልፎ ተርፎም በጎረቤቱ ማሳ ላይ ጉዳት አድርሷል።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት እንስሳት

በአገራችን "ጥንቸል" የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ እንስሳትን ይሸፍናል። አንደኛዋ በማሳ ዳርና በቁጥቋጦ ሥር የምናውቃት ባለ ረጅም እግሯ የዱር ጥንቸል ናት። ከዱር ጥንቸሎቻችን አንዷ በደጋው ሣር ምድር የምትኖርና ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር የማትገኝ ዝርያ ናት። ሁለተኛዋ በሳጥን የምትረባው የቤት ጥንቸል ስትሆን፣ የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከአውሮፓ ነው።

የእኛዋ የዱር ጥንቸል ጉድጓድ ቆፍራ አትኖርም። ግልገሎቿም ፀጉር ለብሰውና ዓይናቸውን ገልጠው በሜዳ ላይ ይወለዳሉ። የቤቷ ጥንቸል ቅድመ አያቶች ግን ጉድጓድ ቆፍረው በኅብረት የሚኖሩ ናቸው። ግልገሎቻቸውም ራቁታቸውን፣ ዓይናቸውም ሳይገለጥ ይወለዳሉ። የዱሯ 48፣ የቤቷ 44 ክሮሞዞም ስላላቸው ሁለቱ ተዳቅለው አይወልዱም። በመሆኑም ልጆች ከማሳ ይዘው የሚመጡትን የዱር ግልገል በሳጥን አሳድጋለሁ ማለት ትርፉ ድካም ነው። የዱር ጥንቸል ግልገሎቿን ቀን ቀን ትታቸው ትውልና አመሻሽ ላይ ተመልሳ ታጠባለች። ስለዚህ ብቻዋን የተገኘች ግልገል ሁሉ እናቷ የጠፋባት አይደለችም፤ ካለችበት አለማንሳት ይሻላል።

ከእስፓኝ ጉድጓድ እስከ አውሮፓ ጓሮ

የቤት ጥንቸል የትውልድ አገር የዛሬዎቹ እስፓኝና ፖርቱጋል እንዲሁም ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ነው። የእስፓኝ ስም ራሱ ከዚሁ ጋር ይያያዛል የሚሉ አሉ። ከዛሬዋ ሊባኖስ ጠረፍ በመርከብ የሄዱት ፊንቃውያን ነጋዴዎች ምድሩን የሞላውን ጥንቸል ሲያዩ በአገራቸው የሚያውቁት ሽኮኮ መሰላቸውና አገሩን "የሽኮኮ ምድር" አሉት፣ ሮማውያንም ስሙን ወስደው "ሂስፓኒያ" አሉት ይባላል። የስሙ ምንጭ እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል።

ሮማዊው ቫሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመት ገደማ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የእስፓኝን ጥንቸል ጠቅሶ፣ ባለጸጎች በግንብ በታጠረ ቅጥር ውስጥ እንዴት እንደሚያኖሯት ገልጿል። አጥር ያስፈለገውም በምክንያት ነው። ሌላው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ እንደመዘገበው፣ የባሊያሪክ ደሴቶች ነዋሪዎች ጥንቸል አዝመራቸውን ስለጨረሰባቸው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ጦር ሠራዊት እንዲልክላቸው እስከ መለመን ደርሰው ነበር።

ጥንቸልን ማን አላመዳት ለሚለው ጥያቄ ለረጅም ዘመን ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ600 ገደማ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ የጥንቸል ጭንጋፍ ሥጋ እንዳይደለ ስለፈቀዱ፣ የፈረንሳይ መነኮሳት በጾም ለመብላት ሲሉ ጥንቸልን አላመዱ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ነገሩን ከምንጩ ሲመረምር እንዲህ ያለ የጳጳስ ትእዛዝ አላገኘም። ታሪኩ የተፈጠረው በስም መመሳሰል ነበር። ጎርጎርዮስ ዘቱር የተባለ ሌላ ጸሐፊ፣ አንድ ሰው በዐቢይ ጾም የጥንቸል ግልገል መብላቱን ጽፎ ኖሯል። እውነቱ እንግዲህ ጥንቸል በአንድ ቀን ትእዛዝ ሳይሆን በብዙ ትውልድ ልፋት፣ ከቅጥር ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ሳጥን እየቀረበች የቤት እንስሳ መሆኗ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳመለከተው፣ ይህ ረጅም ምርጫ በተለይ ከአንጎልና ከነርቭ ዕድገት ጋር የተያያዙ ዘረመሎችን ቀስ በቀስ ለውጧል። አሳዳጊዎች በየትውልዱ የማትደነግጠዋን እያስቀሩ በመሄዳቸው የቤት ጥንቸል ከዱሯ ይልቅ ፍርሃቷ ቀንሷል። ሆኖም ጠላት የሚበዛባት የዱር ጥንቸል ጠባይ ፈጽሞ አልጠፋም። ዛሬም ድንገት ስትነሣ ትራገጣለች፤ ስትታመምም ሕመሟን ትደብቃለች።

ሃያ አራቱ ጥንቸሎች

ታሪክ ካቆያቸው ትምህርቶች ሁሉ መራራው የአውስትራሊያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1788 የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ መርከቦች አምስት የቤት ጥንቸሎች ይዘው ደርሰው ነበር። ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ ሌሎች ገብተዋል። ይሁን እንጂ አህጉሩን አላጥለቀለቁም። እ.ኤ.አ. በ1859 የገና ዕለት ግን ለቶማስ ኦስቲን የተላኩ 24 ጥንቸሎች ሜልቦርን ደረሱ። ኦስቲን የፈለጋቸው ባርዎን ፓርክ በተባለው ርስቱ ላይ ለማደን ሲሆን፣ ከተላኩት መካከል በእንግሊዝ አገር ከዱር የተያዙ ይገኙባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዘረመል ጥናት የአህጉሩ ጥንቸሎች በአብዛኛው የእነዚሁ ዘር መሆናቸውን አረጋግጧል። ከቤት ጥንቸሎቹ በተለየ እንዲስፋፉ የረዳቸውም የዱር ደማቸው ሳይሆን እንዳልቀረ ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚያሰኝ ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1907 ባለው ጊዜ በድምሩ ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆኑ ሦስት አጥሮችን ዘረጋች። ጥንቸሎቹ ግን አጥሩን እየቀደሙ አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1950 ሚክሶማቶሲስ የተባለ የጥንቸል በሽታ ሆን ተብሎ ተለቆ ቁጥራቸውን እጅግ ቢቀንስም፣ ከሞት የተረፉት በሽታውን እየተቋቋሙ እንደገና በረከቱ። ያለፈቃድና ያለጥናት ባዕድ እንስሳ መልቀቅ ምን እንደሚያስከትል ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱ ይህ ነው።

ከአንዲስ ተራሮች የመጣው ጊኒ ፒግ

ጊኒ ፒግ ስሙ ቢያሳስትም ከጊኒ አልመጣም፣ አሳማም አይደለም። ከሺህ ዓመታት በፊት በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሕዝቦች ለምግብ፣ ለመሥዋዕትና ለባህላዊ ሕክምና ያላመዱት እንስሳ ነው። በፔሩ እስከ ዛሬ "ኩይ" ተብሎ በገበሬው ማድ ቤት ወለል ላይ ሲርመሰመስ ይታያል። በኩስኮ ካቴድራል በሚገኘው፣ ማርኮስ ሳፓታ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሣለው የጸሎተ ሐሙስ እራት ሥዕል ላይ በጌታ ማዕድ የቀረበው እንስሳ ኩይ እንደሆነ ይነገራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እስፓኛውያን ወደ አውሮፓ ወስደውት በዚያ የልጆች መጫወቻና የቤተ መንግሥት ጌጥ ሆነ። በአፍሪካም በምሥራቅ ኮንጎና በካሜሩን አነስተኛ ገበሬዎች ለሥጋ ያረቡታል።

በዱር የሚኖሩት ዘመዶቹ ቀኑን ሙሉ ለምለም ሣር የሚግጡ ስለሆኑ፣ ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ ውስጥ መሥራት አይችልም። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1907 ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ሐኪሞች ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ ሲመግቧቸው መርከበኞችን በሚገድለው የስከርቪ በሽታ በመያዛቸው ነው። ዛሬም ደረቅ መኖ ብቻ የሚሰጠው ጊኒ ፒግ በዚያው በሽታ ይታመማል። በኅብረት መኖርም ተፈጥሮው ነው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ ጊኒ ፒግን ብቻውን ማኖር ከልክላለች።

ከአሌፖ የስንዴ ማሳ የወጣው ሐምስተር

የሐምስተር ታሪክ ከአገራችን ችግር ጋር በአንድ ነጥብ ይገናኛል። በሁመራና በመተማ የቀን ሠራተኞችን ሲያጠቃ የኖረውን የካላዛርን ዓይነት በሽታ የሚያጠኑት በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሳውል አድለር፣ ለምርምራቸው በቀላሉ የሚራባ ትንሽ እንስሳ ይፈልጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 የእንስሳት ሊቁ እስራኤል አሃሮኒ ወደ ሶርያ ሄደው፣ በአሌፖ አጠገብ ከስንዴ ማሳ ሥር ከተቆፈረ ጉድጓድ አንዲት እናት ወርቃማ ሐምስተር ከነግልገሎቿ አወጡ። እናቲቱ በመጨነቋ አንዱን ግልገል ገደለች። ከቀሩትም ብዙዎቹ አምልጠውና ሞተው ጥቂት ብቻ ተረፉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በቤት የሚያድጉት ወርቃማ ሐምስተሮች በአብዛኛው የእነዚያ ጥቂቶች ዘር ናቸው።

ሐምስተር በማሳው ሥር ብቻውን የሚኖር፣ በጉንጩ ከረጢት እህል እየሸከፈ ጎተራውን የሚሞላ እንስሳ ነው። ሁለት አዋቂዎችን በአንድ ሳጥን ያኖረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያተርፈው ቁስል ወይም ሬሳ ነው። ለጊኒ ፒግ ብቸኝነት ጉዳት ሲሆን፣ ለሐምስተር ጉዳቱ ጓደኛ ማግኘቱ ነው። ሁለቱንም በአንድ ሕግ ለማሳደግ መሞከር ታሪካቸውን አለማወቅ ነው።

ለመምረጥና ለመንከባከብ

ከላይ ከተጠቀሰው ታሪክ በመነሣት፣ በተለይ ጥንቸል ለማርባት ለሚያስቡ የሚከተሉት ነጥቦች ጠቃሚ ናቸው።

አንደኛ፣ ዓላማውን አስቀድሞ መወሰን። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል ከማይበሉት እንስሳት ጋር በመቆጠሯ በርካታ ክርስቲያን ቤተሰቦች አይበሏትም። በእስልምና ግን አብዛኞቹ ሊቃውንት ይፈቅዷታል። ስለዚህ ማን እንደሚገዛ ሳይታወቅ ብዙ ማርባት አይገባም። ለልጆች ከሆነም፣ በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ልትኖር ስለምትችል ኃላፊነቱ የአዋቂ ነው።

ሁለተኛ፣ ጤነኛዋን መለየት። ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ የደረቀ፣ የጆሮዋ ውስጥ ቅርፊት የሌለበት፣ የፊት ጥርሶቿ የገጠሙ፣ ከጅራቷ ሥር ንጹሕ የሆነች ትመረጥ። የፊት እግሮቿ የውስጥ ገጽ ከረጠበ ወይም ከተጣበቀ አፍንጫዋን ስትጠርግበት እንደቆየች ያስታውቃል። ጡት ሳትጠግብ የተለየች ግልገል ባትገዛ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ መኖ። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ የሚሞርደው ንጹሕ ድርቆሽ ሁልጊዜ ከፊቷ መጥፋት የለበትም። እህልና ካሮት በጥቂቱ ብቻ ይሰጥ። የሻገተ መኖ እና ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ የታጨደ ሣር ይገድላሉ። ለስላሳውን ፋንድያዋን መልሳ ስትበላ ብትታይ ሊያስደነግጥ አይገባም። ምግቧን ሁለት ጊዜ የምትፈጭበት ተፈጥሯዊ መንገድ ነው።

አራተኛ፣ መጠለያ። የጉድጓድ ዘር በመሆኗ ከሙቀት ይልቅ ብርድን ትችላለች። ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት አደጋ ስለሆነ ጥላ፣ ነፋሻ ቦታና የማይቋረጥ ውሃ ያስፈልጋታል። ሳጥኗ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከውሻና ከድመት የተጠበቀ፣ የምታርፍበት ደልዳላ ወለልም ያለው ይሁን።

አምስተኛ፣ አያያዝና እርባታ። በጆሮ ማንሳት ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው። የኋላ እግሮቿ ካልተደገፉ ስትራገጥ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። ለማስጠቃት ሴቷ ወደ ወንዱ ሳጥን ትወሰድ እንጂ ወንዱ ወደ እርሷ አይግባ፤ ቤቷን ትከላከላለችና። እርግዝናዋ 31 ቀን ያህል ነው። ከመውለዷ ጥቂት ቀናት በፊት ጭድ ያለበት የመውለጃ ሳጥን ይቅረብላት። እናት ጥንቸል ግልገሎቿን በቀን አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ታጠባለች። በዱር ጠላት ጉድጓዷን እንዳያገኝ የተማረችው ዘዴ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው "ጣለቻቸው" ብሎ ሲነካካ ጉዳት ያደርሳል።

ስድስተኛ፣ መድኃኒት። ለሌሎች ከብቶች የሚሰጥ መድኃኒት ለእነዚህ እንስሳት በግምት አይሰጥ። ፔኒሲሊንና አሞክሲሲሊን በአፍ ሲሰጡ የአንጀታቸውን ጠቃሚ ተሕዋስያን ስለሚያጠፉ ጥንቸልን፣ ጊኒ ፒግንም ሆነ ሐምስተርን ሊገድሉ ይችላሉ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከር ግዴታ ነው።

ማጠቃለያ

ጥንቸል ከእስፓኝ ጉድጓድ፣ ጊኒ ፒግ ከአንዲስ ሣር፣ ሐምስተር ከአሌፖ ማሳ ሥር መጥተዋል። ሳጥን ውስጥ ቢገቡም አገራቸውን በሰውነታቸው ይዘው ይኖራሉ። የበሬን አገር ጠይቆ የሚገዛ ገበሬ ይህንኑ ጥያቄ ለጥንቸልም ቢያቀርብ አይጎዳም። የአካባቢ ኃላፊዎችም አዲስ እንስሳ ወደ ወረዳቸው እንዲገባ ሲጠየቁ፣ ከቁጥሩና ከትርፉ በፊት ቢያመልጥ ምን እንደሚያደርስ፣ ማንስ እንደሚጠብቀው ሊያጣሩ ይገባል። አውስትራሊያ ይህን ጥያቄ ያነሳችው ጥንቸሎቹ ከተለቀቁ በኋላ ነበር።