የማሾዋ ብረት

ወደ ውጫሌ ስጓዝ ሐይቅ ከተማ ላይ ሻይ ልጠጣ ወረድኩ። ከሻይ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ሱቅ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው አናት ላይ፣ አቧራ የጠጣ ማሾ ተሰቅሎ አየሁ። ማሾ ካየሁ ስንት ዓመቴ! የሠርግ ዳሱ፣ የለቅሶ ድንኳኑ፣ የልጅነቴ ሌሊት ሁሉ ትዝ አለኝ።

«አባቴ፣ ይሄ ዛሬም ይሠራል?» አልኳቸው ባለሱቁን።

«ምን ይሠራል ልጄ! ላምባው አለ፣ ፓምፑም ደኅና ነው። ያቺ ነጭ ጨርቁ ጠፋች እንጂ።»

ከደጃቸው ከደሴ የመጣች አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች። ማሾዋና መኪናዋ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ብላቸው ሽማግሌው ይስቁብኝ ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ያቺን ነጭ ጨርቅ የፈለሰፋት ካርል አውየር ፎን ቬልስባኽ የሚባል ኦስትሪያዊ ኬሚስት ነው። ብዙ ከለፋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1891 ትክክለኛውን ቅመም አገኘው፦ 99 እጅ ቶሪየም፣ 1 እጅ ሴሪየም። ያቺ አንድ እጅ ከሌለች መብራቱ ይፈዛል። ከልክ ስታልፍም እንደዚያው። ይኸው ሰው በ1903 ሴሪየምን ከብረት ጋር ቀላቅሎ የላይተር ድንጋይ ሠራ። ሲጋራ የሚያጨስ ወዳጃችሁ ኪስ ውስጥ ዛሬም ሴሪየም አለ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ቀደም ብሎ፣ በ1885፣ አውየር ሌላ ብረት ለይቶ ነበር፤ ኒዮዲሚየምን። የዚህኛው ትልቁ ሥራ የመጣው ግን መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ጃፓናዊው ማሳቶ ሳጋዋና የጄኔራል ሞተርሱ ጆን ክሮት፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ኒዮዲሚየምን ከብረትና ከቦሮን ጋር አዋሕደው እስከዚያ ያልታየ ኃይለኛ ማግኔት አወጡ። በአዳማ አንደኛው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34ቱን ተርባይኖች ኤሌክትሪክ የሚያስወልዳቸው የዚህ ወገን ቋሚ ማግኔት ነው። የአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሞተርም እንዲሁ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም ካለ ወዲህ ማግኔቱ የእኛም ጉዳይ ሆኗል።

ችግሩ ዋጋው ነው። ከማዕድኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ሴሪየም ነው፤ ኒዮዲሚየሙ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ኒዮዲሚየም ፈልጎ የቆፈረ ሁሉ የሴሪየም ቁልል ይታቀፋል። የገበያው ጌታ ደግሞ ቻይና ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 የውጭ ሽያጯን ስትቀንስ ዋጋው ሰማይ ነካ። በሚያዝያ 2025 ደግሞ በሰባት የዚህ ቤተሰብ ብረቶችና ከእነሱ በሚሠሩ ማግኔቶች ላይ የመውጫ ፈቃድ ጣለች።

ታዲያ ርካሹን ሴሪየም በውዱ ቦታ መተካት ነዋ! እንዲህ ቀላል ቢሆንማ! ኒዮዲሚየሙ ያለበት ማግኔት መግነጢሳዊነቱን ፈጽሞ የሚያጣው 312 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ሁሉም በሴሪየም ከተተካ ግን 151 ዲግሪ ላይ ያበቃለታል። ኃይሉም ይቀንሳል። ሞተር ደግሞ ይግላል።

መፍትሔው የተገኘው ማግኔቱን በማይክሮስኮፕ በማየት ነው። ማግኔት ወጥ ብረት ይምሰለን እንጂ የደቀቀ ዱቄት ተጠፍጥፎና ተጋግሮ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት የፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ቢያህል ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ከቅንጣቱ አንድ ሺህኛ እንኳ የማይሞላ ስስ ሽፋን አለ። የአምባሰል ገበሬ በማሳና በማሳ መካከል እንደሚተወው ወሰን አድርጋችሁ አስቡት። አንዱ ማሳ እሳት ቢነሣበት ወሰኑ ወደ ጎረቤት አያሻግርም። የማግኔቱም ሽፋን እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቅንጣት አቅጣጫው ቢገለበጥ ሌላውን ይዞ እንዳይገለበጥ ይከላከላል። ማግኔት መድከም የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ከዳርቻው ነው።

ስለዚህ ሴሪየሙን እንደ ሽሮ በርበሬ በሁሉም ላይ እኩል መበተን አያዋጣም። የቻይና ሊቃውንት ሴሪየም ያለበትንና የሌለበትን ዱቄት ለየብቻ አዘጋጅተው፣ ከዚያ ቀላቅለው መጋገርን መረጡ። ቅንጣቶቹ አንድ ወጥ ስላልሆኑ ማግኔቱ በአንድነት ከተበተነበት ይልቅ ጠነከረ። ቶዮታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ማግኔት አስተዋወቀ። ቅንጣቶቹን ወደ አንድ አሥረኛ አሳነሳቸው፤ ኒዮዲሚየሙን በየቅንጣቱ ዳርቻ አከማችቶ ርካሾቹን ሴሪየምንና ላንታነምን ወደ ውስጥ አስገባ። በዚህ ዘዴ የኒዮዲሚየሙን ፍጆታ እስከ ግማሽ መቀነስ ይቻላል አለ። ምትኩ የሠመረው በትክክለኛው ቦታ ስለተቀመጠ ነው።

ይህን ሳሰላስል ውጫሌ ደረስኩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና አንቶኔሊ ውል የተፈራረሙባት ውጫሌ። ውሉ 20 አንቀጽ ነበረው። አገር ያተራመሰው ግን ከ17ኛው አንቀጽ ውስጥ አንድ ግሥ ነው። አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። የቀረው ወረቀት ቢያምርም ያቺ አንዲት ምትክ የተቀመጠችው ኢትዮጵያ ከዓለም ጋር በምትገናኝበት ዳርቻ ላይ ነበርና ነገሩ ዓድዋ ድረስ ሄደ።

ዛሬ መኪና ስንገዛ ቀለሟንና በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ እንጠይቃለን። ሞተሯ ውስጥ ያለው ማግኔት ስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚችል፣ ምን በምን እንደተተካበት ግን ማንም አይጠይቅም። ሴሪየም የተቀላቀለበት ማግኔት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በልኩና በቦታው ከገባ ኪሳችንን ይታደጋል። ይህን የሚመረምር ባለሙያና ላቦራቶሪ በአገራችን ካላበዛን ግን የምንፈርመው የሌላ ሰው ትርጉም ላይ ነው። ውጫሌ ላይ አንዴ ፈርመን አይተነዋል።