ሲስተር ቤት ትፈልጋለች

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የጎንደርን ነገር ላጫውታችሁ። ነገሥታቱና ግንቡ ለሌላ ቀን ይቆዩን። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ጀማሪ ነርስ ነው። ስም አልሰጣትም፤ የብዙዎችን ታሪክ ነውና በእሷ ላይ የምተርከው።

ደምቢያ ተወለደች። ደምቢያን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በዚያ ሜዳ ወባ ገብታ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀች። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ጀመር። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የበቀለው። እንግዲህ ከደምቢያ መጥታ ጎንደር ነርስ የምትሆን ልጅ የዚያ ኮሌጅ የልጅ ልጅ ናት ማለት ነው።

አራት ዓመት ተማረች። ዶርም አደረች፣ ካፌ በላች፣ የወጪ መጋራቱን ፈረመች። የመውጫ ፈተናውን አለፈች፤ ተቀጠረች፤ ያን ዕለት በሽተኛውም አስታማሚውም «ሲስተር» ይሏት ጀመር። የዶርም አልጋዋን ግን ሌላ ተማሪ ተረከበው። እሷ ሻንጣዋን ይዛ ከግቢው በር ውጭ ቆመች። ይህችን ሰዓት ልብ በሉልኝ፤ ጭንቁ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«ደመወዙስ?» ትሉኛላችሁ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ መንግሥት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ለሚቀጠር ጀማሪ መነሻውን ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አድርጎታል። ቀላል ጭማሪ አይደለም፤ ሲነገር እኔም ደስ ብሎኛል። ከ11,500ው ላይ ግን ግብር 2,100 ብር ይወስዳል፤ የጡረታ መዋጮ 805። በእጇ የሚገባው 8,595 ነው። የዱቲ ክፍያ አለ፣ እውነት ነው። ሌሊቱን ቆማ ያደረችበት ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ኪራይ አይዘገይም።

ማራኪ አካባቢ ደላላው አንድ ሰርቪስ ክፍል አሳያት። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ውኃው በፈረቃ።

«ስንት ነው እትዬ?»

«አራት ሺህ ነው ልጄ። መብራት ለብቻ ነው።»

«ትንሽ ይቀንሱልኝ፤ ገና መቀጠሬ ነው።»

«ብቀንስልሽ ደስ ባለኝ። ሟቹ ባለቤቴ አስተማሪ ነበሩ፤ የእሳቸው ጡረታ ከዘይት አያልፍም። እኔም የምተዳደረው በዚችው ክፍል ኪራይ ነው። ትናንት አራት ተማሪዎች መጥተው እንክፈል ብለውኛል።»

ሴትዮዋን አልወቅሳቸውም። የእሳቸውም ገቢ የተቆረጠ ነው። ነገር ግን አራቱ ተማሪዎች ሲያዋጡ ለአንዱ አንድ ሺህ ይደርሰዋል፤ ሲስተር ብቻዋን ናት። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ኪራይ የሚወደደው እንዲህ ነው። ማስተርስ የሚማረው፣ በግል ኮሌጅ የሚማረው፣ መምህሩ፣ ከገጠር ሰላም አጥቶ የመጣው ቤተሰብ፣ ሁሉም ያችኑ ክፍል ይፈልጋል። በሐምሌ 2016 የዶላር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ምንዛሪው ከእጥፍ በላይ አድጓል፤ ዘይቱም ሳሙናውም ተከትሎታል። እናቷ ከደምቢያ ሽሮና በርበሬ ይልኩላታል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ግን ከረጢቱም ይቀራል፤ የዚያን ወር ሽሮ ከሱቅ ነው።

የኪራይ አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥር 1320/2016። ውል ያለው ተከራይ በዓመት ከአንዴ በላይ እንዳይጨመርበት ይላል፤ መልካም ነው። ልጅቱ ግን ገና ውል የላትም። የምትነሣው ከተጠየቀችው ዋጋ ነው።

የደመወዝ መነሻው አዲስ አበባ ላይ ይጻፋል፤ ትንሽ ወረዳ ላይ ለምትሠራውም ጎንደር ላይ ለምትሠራውም ያው ነው። ኪራዩን የሚጽፈው ግን እያንዳንዱ አጥር ነው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በየከተማው የኑሮ ጥያቄ ይዘው ተነሡ፤ ሥራ ያቆሙ ነበሩ፣ የታሰሩም ነበሩ። ሐኪምን የኑሮ ጥያቄ ስላነሣ ማሰር አንጀቴን ያቃጥለዋል። ከዚያ ወዲህ ደመወዙ ተጨመረ፤ ስለ ቤቱ ግን ብዙ ሲወራ አልሰማሁም። እኔ አጥብቄ የምለው ይህን ነው፦ በየዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ አጠገብ የጀማሪ ነርሶች ማደሪያ ይሠራ። ለሺህ ተማሪዎች ዶርም መሥራት የሚችል ግቢ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነርሷን ማሳደር አያቅተውም። ከሌሊት ዱቲ ወጥታ አዘዞ ድረስ በታክሲ ከምትንገላታ ሆስፒታሉ ጎን ብትተኛ፣ የምትጠቀመው እሷ ብቻ አይደለችም፤ በማግሥቱ መርፌ የምትወጋው በሽተኛም ነው።

ልጅቱስ ምን ሆነች? ከሁለት የባች ጓደኞቿ ጋር ያችኑ ክፍል ተከራየች። ፍራሹ ሁለት ነው፤ ፈረቃቸው ስለማይገጥም ይበቃቸዋል። እትዬም «ለሦስት ከሆናችሁ የውኃ ትጨምራላችሁ» ብለው ተስማሙ። ሦስተኛዋ እስከ ጥር አብራቸው ቆየች። አሁን ዐረብ ሀገር በነርስነት ለመቀጠር ሰነዷን ልታስረጋግጥ አዲስ አበባ ሄዳለች፤ ኪራዩም ለሁለት ተከፍሎ ለየራሳቸው ሁለት ሁለት ሺህ ሆኗል።