የወሎን ረሃብ ማን አየው?

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወጉ ረዘም ይላል። የማወጋችሁ ከሃምሳ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው፤ የ1965ቱን የወሎ ረሃብና ረሃቡ የተሸሸገበትን ጉዳይ። ብዙዎቻችሁ ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁታል፤ ያያችሁትም አላችሁ። ጃንሆይን የሚከስ አለ፣ ለጃንሆይ የሚሟገት አለ፣ ደርግን የሚረግም አለ፤ ሁሉም የየራሱን ምስክር ጎትቶ ይመጣና አዲስ ሰሚ መሐል ላይ ቆሞ «ማንን ልመን?» ይላል። እኔም ዛሬ ጥፋቱን ትቼ ምስክሮቹን በየተራቸው ልጠራላችሁ ነው።

በመጀመሪያ መንገዱን እንውጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ተነሥታችሁ ደብረ ብርሃንን ስታልፉ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል፣ ሹፌሩም መብራቱን አብርቶ፣ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ጣልያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይወጣና ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ፊት ለፊት ይቀበለዋል፣ ከዚያም ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ደሴ፣ ከዚያም ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ቆቦ፣ አላማጣ፣ ኮረም እያለ ወደ መቀሌና ወደ አስመራ ይነጉዳል። ይህን መንገድ በከንቱ አላነሣሁባችሁም። ረሃቡ ተደበቀ ሲባል ከዚህ መንገድ የተደበቀ እንዳይመስላችሁ! የ1964 ክረምት በምሥራቁ ቆላ ላይ ከድቶ፣ በላዩም የ1965 በልግ ሲቀር፣ አስቀድሞ የአዋሽ ዳር ግጦሹን ለጥጥ እርሻ የተነጠቀው አፋር ከብቱን ጨረሰ፣ ከዚያም የራያና የየጁ ገበሬ በሬውን ሸጠ፣ ከዚያም ቤቱን ዘግቶ ልጁን በጀርባው አዝሎ አስፋልቱ ዳር ወጣና መኪና ያስቆም ጀመር። የአውቶቡሱ ሹፌር ያየው ነበር። የጭነት መኪናው ረዳትም፣ ከጭነቱ ላይ ዳቦ እየቆረሰ የሚወረውረው፣ ያየው ነበር።

ያየ እንግዲህ ብዙ ነው። የጻፈስ?

በ1965 መጀመሪያ ግድም የእርሻ ሚኒስቴር የሰብል ጥናት አስጠንቶ አዝመራው በብዙ አውራጃ እንደጠፋ የሚናገር ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነበር። ወረቀቱ ከላይ ሲደርስ ዝም ተባለ። ከዚያ በሚያዝያ ገደማ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያንኑ የጣርማ በር መንገድ ይዘው ወሎ ድረስ ሄዱ፣ ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፣ ፎቶዎቹንም በግቢው ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪው አየና አደባባይ ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞችም ሪፖርት ጻፉ፤ መንግሥት ስሜ ይጠፋል ስላለ ሪፖርቱ እንዳይሰራጭ ተያዘ፣ እነሱም እሺ ብለው ተቀመጡ። ይህ እሺታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ይለፈኝና ወደ ወጌ ልመለስ።

ከዚያማ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ካሜራ አስይዞ መጣ። የቀረጸውም ፊልም «የማይታወቀው ረሃብ» ተብሎ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ፣ የዚያ አገር ሰውም አልቅሶ ገንዘብ አዋጣ። አዲስ አበባ ግን አላየችውም። ያየችው ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የወጉ እምብርት ይህ ነውና። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ የሌለውም ጎረቤት ዘንድ ሄዶ በር ላይ ተደርድሮ ያያል። ደርግ ያን ሌሊት ያሳየው ፊልም የዲምብልቢ ነው፤ ግን የዲምብልቢ ብቻ አልነበረም። በደረቀው ሕፃንና በምታለቅሰው እናት መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ ገባ፣ ሻምፓኝ ገባ፣ ትልቅ የሠርግ ኬክ ገባ፣ ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡም ገባ። ሕፃኑ እውነት ነው፤ ኬኩም እውነት ነው። ሁለት ጨርቅ ናቸው፣ ሁለቱም የሸማኔ ሥራ፤ ስፌቱ ግን የደርግ ነው። ንጉሥ በቀኝ እጃቸው ውሻ ሲያበሉ በግራቸው ሕፃን ሲሞት ያየ የመሰለው ሰው ያየው ስፌቱን ነበር። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

እኔ ታዲያ ምስክር ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ይህ ቃል የተሰጠው ከዙፋኑ ጸብ በፊት ነው ወይስ ከጸቡ በኋላ? የእርሻ ሚኒስቴሩ ሠራተኛ ሰብል ሲቆጥር ንጉሥ ይወርዳል ብሎ አላሰበም። መምህራኑም ፎቶ ሲያነሡ ደርግ የሚባል ነገር ገና አልተወለደም። እንግሊዛዊው ፊልሙን ሲሠራ የሚጮኸው ለእህል ነው። ያው ፊልም በእንቁጣጣሽ ሲታይ ግን ለዙፋን ነበር። ከጸቡ በፊት የተጻፈም ቢሆን ሁሉ አይታመንም፤ የወረዳው ሹም አለቃው የሚወደውን ብቻ ይጽፍ እንደነበር ታውቃላችሁ።

ጉዳዩን በሕግ ያጣራል የተባለም ነበር። በ1966 መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን የመሰሉ ሰዎች ገብተውበት፣ የታሰሩትን ሹማምንት ይመረምር ጀመር። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድም፣ ለብዙ ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት፣ እስር ቤት ተቀምጠው ለመርማሪዎቹ ቃላቸውን በጽሑፍ አዘጋጁ። ቃሉ የተከሳሽ ቃል ነው፤ ራሱን ይከላከላል። ሆኖም መልሶ የሚጠይቃቸው፣ ሰነድ የሚያመሳክር ሰው እንዳለ አውቀው የጻፉት ነውና እኔ ከብዙ የኋላ ትዝታ አስበልጬ አነበዋለሁ። ግን ምርመራው ሳይቋጭ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት አክሊሉ፣ ከእሳቸው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ልጅ እንዳልካቸው መኮንንና ሌሎች ብዙዎች በደርግ ተረሸኑ። መልሶ የሚጠየቅ ሰው ከዚያ ወዲያ አልተገኘም፤ ጽሑፉ ግን ተርፎ በመጽሐፍ ታትሟል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አማርትያ ሴን የሚባሉ ሕንዳዊ ሊቅ መጡ። እሳቸው ማን በደለ ብለው አልጀመሩም፤ የደሴን ገበያ የእህል ዋጋ ተመለከቱ። ዋጋው ያን ያህል አልተሰቀለም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። እህል ነበረ፣ የገበሬው ኪስ ግን ባዶ ነበር ብለው እ.ኤ.አ. በ1981 ጻፉ። የተቃወሟቸው ምሁራን አሉ፤ ክርክሩ ግን በዋጋና በኩንታል ላይ ስለሆነ ሰሚ ይከተለዋል።

የሞተውስ ስንት ነው? አንዱ 40,000 ይላል፣ ሌላው 200,000። የሟች መዝገብ ያኔ አልተያዘም፤ መዝገብ መክፈት ሞት አለ ብሎ ማመን ነበራ!

በዚያ ዓመት ልጅ የነበሩ የቆቦና የወልድያ ሰዎች ዛሬ ስድሳውን አልፈዋል። በዚያ ስታልፉ ወርዳችሁ አነጋግሯቸው። ጥፋቱ የማን ነበር አትበሏቸው፤ ይህን ከሬዲዮ የሰሙትን ይመልሱላችኋል። በሬው በየትኛው ወር ተሸጠ፣ በስንት ብር ሄደ፣ ገዢው ከየት መጣ በሏቸው። ወሩንም ዋጋውንም ይነግሯችኋል፤ የገዢውን ስም ጭምር፣ ከነአባቱ።