በጨዋታ መኪና ላይ ስለ ሠራው ሊኑክስ፤ የተሰጠውና የተከለከለው ሥልጣን አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃ የገዛ ሰው የዕቃው ባለቤት መሆኑን ሕግም ልማድም ይመሰክራሉ። ቤት የገዛ ሰው፣ ሻጩ አንዱን ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ቢሄድ፣ ሽያጩ ተፈጽሟል ብሎ ዝም አይልም። በኮምፒዩተር ንግድ ግን እንዲህ ያለው ሽያጭ የተለመደ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽን በሚባሉት የጨዋታ መኪናዎች ላይ ሊኑክስ እንዲሠራ የፈቀደበትን፣ ፈቃዱን የወሰነበትንና በመጨረሻም የነሣበትን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በሚባል የፊንላንድ ተማሪ የተጀመረ ሲሆን፣ ማንም ሰው ጽሑፉን አንብቦ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው ይችላል። የጨዋታ መኪና ጠባይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እነዚህ ሁለት ጠባዮች በአንድ ሣጥን ውስጥ እንዴት እንደ ኖሩ ማየት ይገባናል።

፩. የርካሽ ዋጋ ምክንያት

የጨዋታ መኪና ሠሪ ትርፉን የሚያገኘው ከመኪናው አይደለም። ሦስተኛው ፕሌይስቴሽን በ2006 ሲወጣ፣ አይሰፕላይ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት መኪናውን ፈታትቶ በገመተው መሠረት፣ በአሜሪካ በ499 ዶላር የሚሸጠው ዓይነት የሚወስደው ወጪ ከ800 ዶላር በላይ ነበር። ኩባንያው ይህን ጉድለት የሚሞላው ሌሎች ሠርተው ከሚሸጡት ከእያንዳንዱ ጨዋታ በሚቀበለው የፈቃድ ክፍያ ነው። ስለዚህ ያልተፈቀደ ጨዋታ በመኪናው ላይ እንዳይሠራ መከልከል ለኩባንያው የሕልውና ጉዳይ ነው።

ለተመራማሪ ግን ይኸው ርካሽነት ትልቅ ዕድል ሆኖ ታየው። በኪሣራ የሚሸጥ ኃይለኛ የስሌት መኪና ከወዴት ይገኛል? ክርክሩ ሁሉ የተወለደው ከዚህ ነው።

፪. የመጀመሪያው ሙከራ

ሶኒ ለሁለተኛው ፕሌይስቴሽን የሚሆን የሊኑክስ ዕቃ በ2001 በጃፓን፣ በ2002 በአሜሪካና በአውሮፓ ለሽያጭ አቀረበ። ዕቃው 40 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ፣ የጽሕፈት ገበታ፣ ማውስ፣ የመረብ ማገናኛና ፕሮግራሞቹን የያዙ ዲቪዲዎች ነበሩት። የሚያስገርመው፣ የዋናው ስሌት ክፍልና የሥዕሉ ክፍል መመሪያ መጻሕፍት አብረው መሰጠታቸው ነው። የተሠወረው፣ ግብዓትና ውጤት የሚያስተላልፈው ሌላው አንጎለ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ኩባንያው ባዘጋጀው ፕሮግራም በኩል ብቻ ነበር።

በ2003 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የሱፐርኮምፒዩተር ማእከል 70 ያህል እንዲህ ያሉ መኪናዎችን አገናኝቶ፣ 50,000 ዶላር ገደማ በሆነ ወጪ አንድ ትልቅ የስሌት መሣሪያ አቋቋመ። ማስታወሻው ለያንዳንዱ መኪና 32 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ ጥቅሙ የተወሰነ ነበር፤ ሆኖም መንገዱን አሳየ።

፫. ሦስተኛው ፕሌይስቴሽንና እልፍኝ አስከልካዩ

በኅዳር 2006 የወጣው ሦስተኛው ፕሌይስቴሽን፣ ሶኒ፣ ቶሺባና አይቢኤም በኅብረት የሠሩትን ሴል የተባለውን አንጎለ ኮምፒዩተር ይዞ መጣ። በ3.2 ጊጋኸርትዝ የሚሠራው ሴል አንድ ዋና ክፍልና ስምንት ረዳት የስሌት ክፍሎች አሉት። ከስምንቱ አንዱ፣ በፋብሪካ የሚበላሸው ብዛት እንዲቀንስ ሲባል ይዘጋል፤ አንዱን ስርዓቱ ለራሱ ይወስደዋል፤ ለሊኑክስ የሚቀሩት ስድስት ናቸው። እያንዳንዱ በሴኮንድ እስከ 25.6 ቢሊዮን የነጠላ ትክክለኛነት ስሌት ስለሚሠራ፣ የስድስቱ ድምር ከ150 ቢሊዮን ይበልጣል።

በዚህ ጊዜ የተለየ ዕቃ መግዛት አላስፈለገም። ከመኪናው ዝርዝር ውስጥ «ሌላ ስርዓት ጫን» የሚል ትእዛዝ ነበረ። ባለቤቱ ዲስኩን ሲከፍል ወይ ለሊኑክስ 10 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ወይ ለጨዋታው 10 ጊጋባይት አስቀርቶ የተረፈውን ለሊኑክስ ያደርጋል። የሎው ዶግ ሊኑክስ የተባለው ዓይነት ከሶኒ ጋር በመስማማት ወዲያው ወጣ፤ የሶኒ ሠራተኞችም ለሊኑክስ የሚያስፈልገውን የመኪናውን ፕሮግራም ራሳቸው ጽፈው አበረከቱ። ኩባንያው በዚህ ረገድ ቸርነት አላሳየም ማለት አይቻልም።

ነገር ግን ሊኑክስ ከመኪናው ጋር በቀጥታ አይነጋገርም ነበር። በሁለቱ መካከል ሃይፐርቫይዘር የተባለ የበላይ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ቆሟል። የዚህን ፕሮግራም ሥራ ለማስረዳት የቀድሞው ቤተ መንግሥት እልፍኝ አስከልካይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ባለጉዳይ ከጌታው ዘንድ የሚደርሰው እልፍኝ አስከልካዩ ሲፈቅድለት ብቻ ነው፤ ከተከለከለ ግን ጉዳዩ እውነት ቢሆንም ውጭ ይቀራል። ሊኑክስም ዲስኩን፣ መረቡንና ማስታወሻውን የሚያገኘው በዚሁ በር ጠባቂ በኩል ነበር።

ፈጽሞ የተከለከለው ኤንቪዲያ የሠራው አር ኤስ ኤክስ የተባለው የሥዕል ክፍል ነው። ሊኑክስ የተፈቀደለት ያለቀለትን ሥዕል በማስታወሻ ውስጥ አስቀምጦ ወደ ማሳያው እንዲቀዳለት መጠየቅ ብቻ ነበር፤ የሥዕሉን ክፍል አዝዞ ማሣል አይችልም። ከዚህም የተነሣ በጨዋታው በኩል ድንቅ ትዕይንት የሚያሳየው መኪና፣ በሊኑክስ በኩል መስኮት እንኳ ሲያንቀሳቅስ ይዘገይ ነበር። ዋናው ማስታወሻ 256 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን፣ ሌላው 256 ሜጋባይት የሥዕሉ ክፍል ድርሻ ነበር። ከጊዜ በኋላ የዚህን ማስታወሻ ትርፍ እንደ ዲስክ ለመጠቀም ተቻለ። በ2007 አንዳንድ ዐዋቂዎች ወደ ሥዕሉ ክፍል የሚያስገባ ቀዳዳ አግኝተው ነበር፤ ኩባንያው ግን በተከታዩ እድሳት ደፈነው።

የክልከላው ምክንያት የመኪናው ድካም አይደለም። የሥዕሉ ክፍል ለሊኑክስ ቢከፈት ኖሮ፣ ለኩባንያው ክፍያ የማይከፍል ሙሉ ጨዋታ በሊኑክስ በኩል ሊሠራ ይችል ነበር። በእኛ አስተያየት በሩን ያስዘጋው ከላይ የተመለከትነው የንግድ ሥርዓት ነው።

፬. ምሁራን ያገኙት ጥቅም

ሥዕል የማያስፈልገው ተመራማሪ ግን በክልከላው አልተጎዳም። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ዳርትመዝ የፊዚክስ ሊቅ የሆኑት ጋውራቭ ካና ከ2007 ጀምሮ 16 መኪናዎችን አገናኝተው ስለ ጥቁር ጉድጓዶች ስሌት ሠሩ። በ2008 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን፣ በስዊስ ሎዛን የቴክኖሎጂ ተቋም በሚገኙ 200 መኪናዎች እየተረዳ፣ ኤምዲ5 የተባለው የማረጋገጫ ዘዴ የማይታመን መሆኑን ሐሰተኛ የምስክር ወረቀት አዘጋጅቶ አስረዳ። የአሜሪካ አየር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪም በ2010 መጨረሻ 1,700 ከሚበልጡ መኪናዎች ኮንዶር የተባለውን ሱፐርኮምፒዩተር በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በሮም ከተማ አቋቋመ።

፭. ፈቃዱ እንዴት እንደ ቀረ

በ2009 የወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን ሌላ ስርዓት አይቀበልም ነበር። በጥር 2010 ጆርጅ ሆትዝ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት፣ በሊኑክስ በኩል ገብቶና በማስታወሻው መሥመር ላይ የኤሌክትሪክ ምት ልኮ፣ የእልፍኝ አስከልካዩን ማስታወሻ ለማንበብና ለመጻፍ መቻሉን አስታወቀ። ሶኒም ሚያዝያ 1 ቀን 2010 ባወጣው 3.21 በተባለው እድሳት፣ የደኅንነት ስጋት አለ በማለት፣ ቀድሞ ከተሸጡት መኪናዎችም ላይ ፈቃዱን ነሣ። እድሳቱን የማይቀበል ባለቤት ሊኑክስን ይዞ ይቀራል፤ ነገር ግን ወደ ኩባንያው መረብ መግባትና አዳዲስ ጨዋታዎችን መጫወት ይቀርበታል። እንግዲህ በገንዘቡ ከገዛቸው ሁለት ነገሮች አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲተው ተገደደ ማለት ነው።

ክልከላው ያሰበውን ጸጥታ አላመጣም። በታኅሣሥ 2010 ፌይልኦቨርፍሎው የተባለ ቡድን በበርሊን ጉባኤ ላይ፣ ኩባንያው ለያንዳንዱ ፊርማ መለወጥ የሚገባውን የዕጣ ቁጥር ሳይለውጥ በመቅረቱ የምስጢር ቁልፉ በሒሳብ ሊገኝ መቻሉን ገለጠ። ሊኑክስ ተፈቅዶ ሳለ ዐዋቂዎች መኪናውን ለመስበር ምክንያት አልነበራቸውም ሲልም ተከራከረ። ገዢዎች በ2010 በአሜሪካ የመሠረቱት ክስ በ2011 ተዘግቶ፣ በ2014 በይግባኝ ከፊሉ ተመልሶ፣ በ2018 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች እንረዳለን። አንደኛ፣ በር ጠባቂው የሻጩ እስከ ሆነ ድረስ የገዢው ሥልጣን በሻጩ መልካም ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ በ2006 የተከፈተው በር በ2010 የተዘጋው ገዢው ሳይመክርበት ነው። ሁለተኛ፣ ርካሽ መሣሪያ ዋጋው በሌላ መንገድ ይከፈላል። እድሳቱን ያልተቀበሉት ላቦራቶሪዎች ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ ነገር ግን የተበላሸውን በአዲስ ለመተካት አልቻሉም፤ አዲሱ ሊኑክስን አይቀበልምና።

ኩባንያው ንብረቱን ከሌባ ለመጠበቅ ያለው መብት አይካድም። ሆኖም ያልከፈለውን ለመከልከል ተብሎ የከፈለው ሰው የገዛውን መንጠቅ ፍትሕ ነው ለማለት ያስቸግራል። በጀቱ አነስተኛ የሆነ የትምህርት ተቋም በርካሽ መሣሪያ ላይ የምርምር ሥራውን ከመመሥረቱ በፊት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለና ነገ ማን ሊቆልፈው እንደሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።