ኃጢአትና ጎሜ

ካምባ ያደግን ልጆች ሁለት ቃል ይዘን ነው ዩኒቨርሲቲ የገባነው። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን የሰማነው «ኃጢአት»፣ ሌላው ከአያቶቻችን የሰማነው «ጎሜ» ነው። ሁለተኛውን ክፍል ውስጥ ማንሳት ያሳፍረናል፤ «የድሮ ሰው እምነት» ተብሎ ይታለፋላ! እስቲ ዛሬ ሳናፍር ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

በጋሞ ደጋ ወሰን የገፋ፣ ያልተፈቀደውን ያደረገ ሰው ጎሜ ነካው ይባላል። መዘዙም በእሱ ብቻ አያበቃም፤ ልጅ ይታመማል፣ ዝናብ ይቀራል ተብሎ ይታመናል። መድኃኒቱ በሽማግሌ ፊት ተናዝዞ መታረቅ ነው።

ወደ ጥንት ክርስቲያኖች እንሻገር። «ኃጢአት» የወጣው «ኀጥአ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ይኸውም አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። «አጣሁ» የምንለውም የዚሁ ዘር ነው። የግሪኩ «ሃማርቲያ» ደግሞ ዒላማ መሳትን ያመለክታል። እንግዲህ ኃጢአተኛ ማለት ያጣ ሰው ነው። ግን ምን አጣ?

«ዲዳኬ» የተባለው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ በእሑድ ጉባኤ ኅብስት ከመቆረሱ በፊት ምእመናን ይናዘዙ ይላል፤ ከባልንጀራው የተጣላም ሳይታረቅ አይቀላቀል ብሎ ያዛል። በሁለተኛው ምዕት ዓመት ሮማ ውስጥ የተጻፈው፣ ወደ ግዕዝም የተተረጎመው የሄርማስ መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያንን በድንጋይ የሚሠራ ግንብ ያስመስላታል። ኃጢአት የሠራ ከግንቡ ውጭ የተጣለ ድንጋይ ነው፤ ንስሐ ቢገባ ግን ለሕንፃው ይሆናል። ኋላ አውግስጢኖስ (354–430 እ.ኤ.አ.) ኃጢአት ከአዳም የሚወረስ መሆኑን ሲያስተምር፣ ከጵላግዮስ ጋር የተነሣው ክርክር እስከ 418ቱ የካርታጎ ጉባኤ ደረሰ።

ሁለቱ አንድ ናቸው አንልም። ጎሜ በይበልጥ የተሠራውን ሥራ ይመለከታል፤ ሄርማስ ግን ገና በመጽሐፉ መጀመሪያ የሚወቀሰው በልቡ ስለተመኘው ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ሆኖም ሁለቱም በደል የግል ጉዳይ ብቻ ነው አይሉም፤ የጠፋው ወንድም እስኪገኝ ነገሩ አላለቀም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡራዩ ግድያ ሲሰማ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የተነሣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሱት። ያን ዕለት «የድሮ ሰው እምነት» ሰው አዳነ።

እኛስ? አንድ ክፍል እያደርን ከተኳረፍነው ጓደኛ ጋር ሳንነጋገር ወር ይሞላናል፤ እሑድ ሲሆን ግን ነጠላችንን አጣፍተን እንሄዳለን። ዲዳኬም ሆነ የካምባ ሽማግሌ ከደጃፉ ይመልሱን ነበር፤ «ሂድ፣ መጀመሪያ ታረቅ!» ብለው።