መዝገቡ ያልነገረን

ስለ ሰነድ ምርመራ የጀመርኩትን ንግግር በአንድ የሕክምና ታሪክ ልቋጭ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ኮምፒውተር ከቀደሙ ሕሙማን መዛግብት ተምሮ፣ በሳንባ ምች የተያዘ ሰው ያለበትን የሞት ስጋት እንዲተነብይ ሞከሩ። ዓላማቸው ስጋቱ የከፋውን አስተኝቶ፣ የቀለለውን በተመላላሽነት ማከም ነበር። በትክክለኛነት ግንባር ቀደሙ ኒውራል ኔትወርክ ሆነ። ከዚያው መረጃ ደንቦችን ያወጣ ሌላ ዘዴ ግን፣ አስም ያለበት ሕመምተኛ የመሞት ስጋቱ ዝቅተኛ ነው ከሚል ድምዳሜ ደረሰ።

አስም ያለባቸው በቀጥታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው የተጠናከረ ሕክምና ያገኙ ነበር። መዝገቡ መትረፋቸውን መሰከረ፤ ያተረፋቸውን ክብካቤ ግን ለማሽኑ አልገለጠለትም። ትንበያው ቢታመን ኖሮ እጅግ የሚያሰጉት ሕሙማን ወደ ቤታቸው በተሰናበቱ ነበር። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ሪች ካሩዋና ኒውራል ኔትወርኩ በሕሙማን ላይ እንዳይሠራበት መከረ፤ የአስሙ ስሕተት ቢታረም እንኳ በውስጡ የተሰወረ ሌላ ስሕተት ቢኖር ማየት አይቻልምና።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ‹ሰነዱን ማን፣ ለምን ጻፈው? ምንስ ሳይጽፍ ቀረ?› ብለው እንዲጠይቁ ዘወትር አሳስባለሁ። የሆስፒታል መዝገብም የታሪክ ሰነድ ነው። ማሽኑ ይህን አይጠይቅም፤ ጠያቂዎቹ እኛ ነን።