«ታዕባና» ካለች በኋላ፦ የካርቱም ረዳት ሐኪሞችና የባሕርይ ሕክምና የተግባር ሥልጠና

ካርቱም ውስጥ ተመላላሽ ክፍል የገባች ሴት «አና ታዕባና» ብላ ልትጀምር ትችላለች። በሱዳን ዐረብኛ ይህ ቃል «ደክሞኛል»ም ነው፣ «አሞኛል»ም ነው። የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ከቃሉ አይታወቅም፤ የሚለየው ቀጥሎ በሚመጣው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ካልመጣ ካርዱ ላይ «ድካም» ተብሎ ይጻፋል፣ ደሟ ለወባና ለደም ማነስ ይታያል፣ ውጤቱ ደህና ከሆነ ቪታሚን ታዞላት ትሸኛለች። የእኛው «ሁለመናዬን ነው የሚያመኝ» እንዲሁ ነው። ቦታውን ለመናገር ያልፈለገ ወይም ያልቻለ ሰው ሁሉ የሚጠለልበት አባባል ነው።

የባሕርይ ሕክምና የሚባለው ዘርፍ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ኑሮ፣ ሐሳብና ልማድ ሰውነት ላይ የሚሠሩትን፣ ሰውነትም በተራው በእነርሱ ላይ የሚሠራውን ያጠናል። የረዳት ሐኪም ተማሪዎች የሚማሩበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ ጥቂት ሳምንት የአእምሮ ሕሙማን ዋርድ ገብተው ይወጣሉ። የካርቱም ታሪክ ይህ ምደባ የተሳሳተ መሆኑን በደንብ ስለሚያሳይ ከእርሱ ልነሣ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሱዳን «ሙሳዒድ ጢቢ» የሚባለው ረዳት ሐኪም በገጠርም በከተማ ዳርም ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ ተቀምጦ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሪፈር ይጽፋል። ቀድሞ ልምድ ያላቸው ነርሶች ተጨማሪ ሥልጠና እየወሰዱ ይገቡበት ነበር፤ በ2005 የጤና ሳይንስ አካዳሚ ሲቋቋም ሥልጠናው መደበኛ መልክ ያዘ። እኛ ዘንድ ለዚህ ሙያ የሚቀርበው በ1954 ከተከፈተው ከጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መውጣት የጀመረው ጤና መኮንን ነው። አሜሪካም በ1965 ዶክተር ዩጂን ስቴድ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ኃይል ሕክምና ረዳቶች የነበሩ ሰዎችን ሰብስቦ ተመሳሳይ ሙያ ፈጥሯል። አገሩ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፤ በሽተኛው መጀመሪያ የሚያገኘው፣ ብዙ ጊዜም የመጨረሻው፣ እርሱ ነው።

ካርቱም በአእምሮ ጤና ጉዳይ ባዶ እጇን አልነበረችም። በ1911 የተወለዱትና በኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት የተማሩት ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሒ እንግሊዝ አገር የአእምሮ ሕክምና አጥንተው ተመልሰው በ1950 ገደማ በሰሜን ካርቱም የነርቭ ሕመሞች ክሊኒክ ከፈቱ። የሚታወሱት ለክሊኒኩ ብቻ አይደለም። ፈኪ ከሚባሉት የቁርኣን ሕክምና አዋቂዎችና ከዛር መሪዎች ጋር ተነጋግረው መሥራታቸው በዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር። በ1961 ናይጄሪያ ውስጥ አቤኦኩታ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የመላ አፍሪካ የሳይካትሪ ጉባኤ ተገኝተዋል። ከ1964 ሕዝባዊ አመጽ በኋላ በአምስት ሰዎች የቆመው የሱዳን የሉዓላዊነት ምክር ቤት አባልም ሆነዋል፤ የአእምሮ ሐኪም አገር ለመምራት ከተቀመጡት አንዱ መሆኑ ብዙ አገር ያላየው ነው። ዛሬ ኦምዱርማን ውስጥ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤናን ወደ መሠረታዊ ጤና አገልግሎት ለማውረድ ብዙ አገሮችን ያቀፈ ጥናት ሲጀምር ሱዳን ከመጀመሪያዎቹ አንዷ የሆነችው ይህ መሠረት ስለነበራት ይመስለኛል። በ1980 የወጣው ውጤት እስካሁን ከማውቃቸው ቁጥሮች ሁሉ ለማስተማር የሚመቸኝ ነው። በሱዳን፣ በኮሎምቢያ፣ በሕንድና በፊሊፒንስ ጤና ጣቢያዎች ከታዩ 1,624 ሰዎች 225ቱ፣ ማለትም 13.9 በመቶው፣ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። አብዛኞቹ የመጡት ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም፣ ሳል ወይም ድካም ብለው ነው። ጤና ሠራተኞቹም ሁለት ሦስተኛውን ሳያውቋቸው ሸኝተዋል።

የታለፉት ሰዎች ልብሳቸውን ቀደው ጎዳና የወጡ አልነበሩም። እነዚያንስ ሰፈር ሁሉ ያውቃቸዋል። የታለፉት ወረፋ ጠብቀው፣ ካርድ አውጥተው፣ ወንበር ላይ በሥርዓት የተቀመጡ ናቸው። ዋርድ ውስጥ ስድስት ሳምንት ያሳለፈ ተማሪ ስለ ስኪዞፍሬንያ በደንብ ሊያውቅ ይችላል፤ ይህን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ አላየውም። ያልሠለጠነበትን ሊያይ አይችልም።

ለዚያ ጥናት የተዘጋጀው መጠይቅ ራሱ ትምህርት አለው። «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚመለስባቸው ሃያ ጥያቄዎች ነበሩት፣ የከበደ ሕመም መለያ አራት ደግሞ ተጨምረውበታል። ሲጀምር ስለ ጭንቀት አይጠይቅም። ራስዎን ብዙ ጊዜ ያምዎታል ወይ ብሎ ይነሣል፣ ወደ ምግብ ፍላጎት ያልፋል፣ ከዚያ ወደ እንቅልፍ። በሽተኛው በገባበት በር ገብቶ ቀስ እያለ ወደ ጓዳ ይዘልቃል። መጠይቁ በኋላ እኛም አገር ደርሷል። ቡታጅራ ላይ በወሊድ ዙሪያ ላሉ እናቶች ተፈትሿል፤ በ2008 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን እንዲስማማ አድርጎ አበጅቶታል። ከዚያኛው ሥራ ደራሲዎች መካከል ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህና በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የነበረው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ይገኙበታል። የጊል ስም ሱዳን በተካተተችበት ጥናት ጽሑፎች ላይም አለ፤ ሁለቱ አገሮች በዚህ ሰው በኩል ሳይተዋወቁ ጎረቤት ሆነው ቆይተዋል።

ለማስተማር ብዬ ያዋቀርኩት አንድ ታሪክ አለ። ሴትዮዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው፣ ሃምሳ ሊሞላቸው ነው፤ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በካርቱሙ ዴም ሰፈር ቡናና ሻይ ይሸጣሉ። «ራሲ ቢውጀዕኒ» ይላሉ፣ ራሴን ያመኛል። ተማሪው ጎበዝ ነው፤ «ያ ኻልታ» ብሎ አክስት አድርጓቸው ይጀምራል። መቼ እንደጀመራቸው፣ ማስመለስ ይኖር እንደሆነ፣ ዓይናቸው ይጋረድ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ግፊታቸውን ይለካል። ሁሉም ደህና ነው። ፓራሲታሞል ሊጽፍ ሲል አጠገቡ ያለው አስተማሪ እጁን ያዝ ያደርገውና እርሳቸውን «ሌሊቱን እንዴት ያሳልፉታል?» ይላቸዋል።

«እንቅልፍ ከየት ይመጣል ብለህ ነው ልጄ።»

አስተማሪው ዝም ይላል። ተማሪው ዝምታው ሲረዝምበት «መዐሌሽ፣ መዐሌሽ» ይላል። ሴትዮዋም ሻሻቸውን አስተካክለው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይዘጉታል።

የትምህርቱ እምብርት ይህ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። «መዐሌሽ» የኛ «አይዞሽ» ነው። ደግ ቃል ነው፣ እናቶቻችን ያሳደጉን በእርሱ ነው፤ ግን ቀድሞ ከመጣ አፍ ያስይዛል። ለተናጋሪው «በቃ፣ ገባኝ» እንደ ማለት ይሆንበታል። ተማሪ ይህን ከመጽሐፍ ሊማረው አይችልም፣ ደግነቱን እንደ ጥፋት ቆጥሮ የሚያርም መጽሐፍ የለማ። በታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ተማሪው ዝም እንዲል ተነግሮት ይደገማል። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ልጃቸው በሊቢያ በኩል መሄዱን፣ ከወር በፊት ስልክ መደወሉን፣ የደወሉት ግን ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች መሆናቸውን ይናገራሉ። ጠቅላላው ጊዜ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። «ጊዜ የለንም» የሚለውን የወረፋ ክርክር አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ሴትዮዋ በሁለት ወር አራት ጊዜ ለራስ ምታት ከተመላለሱ ወረፋውን ያስረዘመው ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ተማሪዎች የሚፈሩት ሌላው ጥያቄ ስለ መሞት ሐሳብ ነው። ከመጠይቁ ሃያ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ሆኖ ሳለ በተግባር የሚዘለል እርሱ ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ይህ በደንብ ተረጋግጧል። አፍን ማለማመድ ግን ያስፈልጋል፣ አስተማሪው ሲጠይቅ ሦስት አራት ጊዜ ያልሰማ ተማሪ ብቻውን አይደፍረውም።

የባሕርይ ሕክምና ጭንቀት ብቻ አይደለም። የሱዳን ወንዶች በታችኛው ከንፈራቸው ሥር የሚይዙት ቶምባክ፣ ከአትሩን ጋር የተለወሰው ትንባሆ፣ ኒኮቲኑ ኃይለኛ ነው፣ ከአፍ ካንሰር ጋርም ግንኙነት አለው። «ተው» ብሎ የሚያዝ ረዳት ሐኪም ራሱ ኪሱ ውስጥ ይኖረው ይሆናል፤ ይህን እያወቁ ማስተማር ሌላ ፈተና ነው። የሚሻለው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚይዝ፣ የመጀመሪያዋን የሚይዘው ከእንቅልፉ በነቃ በስንት ደቂቃ እንደሆነ መጠየቅ፣ መልሱን መልሶ ማሰማትና ምክንያቱን ከራሱ አፍ መጠበቅ ነው።

አል-ማሒ ከፈኪዎችና ከዛር መሪዎች ጋር መነጋገራቸው እዚህ ላይ ይመለሳል። በፈኪዎች ዘንድ የቁርኣን ጥቅስ የተጻፈበትን አጥቦ ውኃውን ማጠጣት ሚሓያ ይባላል፣ ወረቀቱን አጭሶ ማጠን ደግሞ ባኽራ። ዛርን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሱዳን ዛር እንዲያውም «ሐበሽ» የሚባሉ የራሳቸው ወገን የሆኑ መናፍስት አሉት። ተማሪው ማወቅ ያለበት በሽተኛዋ ከእርሱ በፊት የት እንደሄደች፣ አሁንም ትሄድ እንደሆነ፣ እዚያ የተሰጣትን ከእርሱ መድኃኒት ጋር እንዴት እንደምታስኬደው ነው። በንቀት ከተጠየቀች «የትም አልሄድኩም» ትላለች። ፀበል የሚመላለስ በሽተኛ ያየ ጤና መኮንን ይህን መልስ ያውቀዋል።

በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ሆስፒታሎች ተዘጉ፣ መምህራንና ተማሪዎች ተበተኑ። ከሸሹት ብዙዎች በገላባትና በመተማ በኩል ወደ እኛ ገብተው ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ኩመር ላይ ሠፈሩ። አንድ ጊዜ የዴሟ ሴት በሰው አገር ቋንቋ ራሷን ስታስረዳ ነበር፤ አሁን የካርቱም መምህርት መተማ ጤና ጣቢያ ተቀምጣ «ታዕባና» ትላለች፣ አስተርጓሚውም «ደክሟታል» ብሎ ያቀብላል። አስተርጓሚው አልተሳሳተም። ግማሹን ነው ያመጣው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ከጎንደር ለተግባር ልምምድ የሚወጣ ተማሪ የሚይዘው የልምምድ መዝገብ ላይ «ዋና ሕመም» ከሚለው ዓምድ ጎን አንድ ዓምድ ይጨመር፦ «ከዚያ ቀጥሎ የጠየቅሁት»። አስተማሪው የሚፈርመው በዚህኛው ዓምድ ላይ ይሁን፤ በዐረብኛ የሰማው ቃል ካለም እንደተባለው፣ ሳይተረጎም፣ እዚያው ይጻፍ።